የእድር ድስት፣ የአራስ ገንፎ



ስለ አንድ እራት ልንነግራችሁ ነው። ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ማታ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ የመጡ ምእመናን ቡራዩ ውስጥ በአንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተሰብስበው ገንፎ በሉ፤ ከበሉ በኋላም ኪሳቸውን ፈተሹ። ዝግጅቱ የገቢ ማሰባሰቢያ ነበር። ገቢው የሚውለው ሳያስቡት የጸነሱና የሚጠጉበት ያጡ እህቶችን ተቀብሎ፣ እስኪወልዱ ብቻ ሳይሆን ከወለዱም በኋላ ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስ ለሚያኖር የክርስቲያን አገልግሎት ነው። የአገልግሎቱን ስም አንጽፍም። በሦስቱ ከተሞች የተከራያቸው ቤቶች የት እንዳሉ እንዲታወቅ የማይፈልጉ እናቶች አሉ፤ አንዳንዶቹን ደግሞ የሚፈልጋቸው ሰው ለበጎ አይደለም የሚፈልጋቸው። እኛ ቡራዩ ውስጥ በቤት ለቤት ኅብረት የምንገናኝ ሰባት ቤተሰቦች ነን። የዚያን ምሽት ድርሻችን ወጥ ቤት ነበር። ስለዚህ የምንነግራችሁ ከመድረኩ ይልቅ ከምድጃው በኩል የታየውን ነው።

የገቢ ማሰባሰቢያ እራት ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። የሆቴል አዳራሽ ይያዛል፤ ወንበሩ ነጭ ልብስ ይለብሳል፤ መድረክ መሪው ይቀልዳል፤ ዘማሪ ይዘምራል፤ አጭር ፊልም ይታያል፤ ጨረታ ይወጣል፤ በመጨረሻ የቃል መግቢያ ወረቀት ይታደላል። የሚጠራውም በአብዛኛው መስጠት የሚችል ሰው ነው። ይህን አንነቅፍም፤ ብዙ በጎ ሥራ በዚህ መንገድ ቆሟል። በአሜሪካ ያሉ እንዲህ ዓይነት አገልግሎቶችም ዋነኛ ገቢያቸውን የሚያገኙት በየዓመቱ ከሚያዘጋጁት የእራት ግብዣ እንደሆነ ይነገራል። ግን ጌታችን በሉቃስ 14 ከቁጥር 12 ጀምሮ ያስተማረው ነገር አለ፦ ግብዣ የሚያደርግ ሰው መልሶ የሚጋብዘውን ሀብታም ጎረቤት ሳይሆን ብድር የሚመልሱበት የሌላቸውን እንዲጠራ። ይህ ክፍል ለገቢ ማሰባሰቢያ እራት አይመችም። የአገልግሎቱ መሪዎች ግን ሊያልፉት አልቻሉም። ብዙ ከጸለዩበትና ከተከራከሩበት በኋላ፣ ሆቴሉ እንዲቀር፣ ምግቡ ገንፎ እንዲሆን፣ የክብር እንግዶቹም እናቶቹ ራሳቸው እንዲሆኑ ወሰኑ።

ገንፎ ለምን? መልሱን አገር ያውቀዋል። በአገራችን ሴት ስትወልድ መጀመሪያ እልልታ ይሰማል፣ ቀጥሎ ገንፎ ይገነፋል። እዚህ አካባቢ በኦሮምኛ መርቃ ይሉታል። መሐሉ ጎድጎድ ተደርጎ ንጥር ቅቤና በርበሬ ይፈስበታል፤ ትኩስ ስለሆነ ከዳር እየተቆረሰ ይበላል። ጎረቤት አራስ ሊጠይቅ ይመጣል፣ እናት ከገጠር ትመጣለች፣ እህት ልብስ ታጥባለች። አራስን ብቻዋን መተው ነውር ነው። ይህን ሁሉ ለማድረግ ግን እናት፣ እህት፣ ጎረቤት ያስፈልጋል። አባወራው እንዳያውቅ ሆዷን በነጠላ ጠቅልላ ስትሠራ የቆየች የቤት ሠራተኛ ማን ያገነፋላታል? በሰበታው ቤት ያለች አንዲት እህት ለሞግዚቷ ከምጡ ይልቅ ያስፈራት ይህ እንደነበር ነግራታለች፤ ልጁ ሲወለድ እልል የሚል ሰው አለመኖሩ። እኛም እንድንጽፈው ፈቅዳለች።

የጤና ጣቢያ ባለሙያዎቻችን ይህን ከእኛ ቀድመው ተረድተውታል። በአገራችን ብዙ ጤና ጣቢያዎች እናቶች ቤት ውስጥ ከመውለድ ይልቅ ወደ እነሱ እንዲመጡ ለማድረግ ገንፎ ማገንፋትና ቡና ማፍላት የጀመሩት፣ ለምጥ የተቃረቡ እናቶች የሚያርፉበት ማቆያም ያዘጋጁት ለዚህ ነው። በመንግሥት ጤና ጣቢያ መውለድ በነጻ ነው። ይህን ደጋግመን የምንናገረው ሰዎች የአገልግሎቱ ወጪ የወሊድ ወጪ ስለሚመስላቸው ነው። ወጪው ያለው ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ነው፦ ደመወዝ የቆመባት ወራት፣ የቤት ኪራይ፣ ወተት፣ የሕፃን ልብስ፣ ልጁን ጥላ ሥራ የምትሄድ እናት የምታስጠብቅበት ቦታ። ልጁን የሚያስጥለው ብዙ ጊዜ ይህ ስሌት ነው፤ ልጅቷ ማታ ማታ በጣቷ እየቆጠረች የምታሰላው።

አገልግሎቱ ለምን በእነዚህ ሦስት ከተሞች እንደተተከለ ለሚያስብ፣ መንገዶቹን ይመልከት። ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ላይ ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሦስቱም ሸገር በሚባለው ከተማ ሥር ተጠቃለዋል፤ ሆኖም ከሰበታ ሱሉልታ ለመድረስ ዛሬም አዲስ አበባን ማቋረጥ ነው። ከደቡብም፣ ከምዕራብም፣ ከሰሜንም ሥራ ፍለጋ የምትመጣ ልጅ አዲስ አበባን ከማየቷ በፊት የምታገኘው እነዚህን ከተሞች ነው። በሰበታ የጨርቃ ጨርቅና የቢራ ፋብሪካ፣ በዙሪያው የአበባ እርሻ፤ በሱሉልታ የታሸገ ውኃ ፋብሪካዎች፤ በቡራዩ ደግሞ አዲስ አበባ ውሎ ለማደር የሚመለስ ሠራተኛ የሚከራየው ሰርቪስ ክፍል። ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ኪራዩ ብዙ ነው፣ ዘመድ ሩቅ ነው። በአሥራ ስምንትና በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ብቻዋን የምትኖር ልጅ የሚያጽናናት ሰው ሲመጣ በሩን ትከፍታለች። እንዲህ ያለችውን ልጅ የሚፈርድባት ሰው አንድ ወር እንደ እሷ ኖሮ ቢያየው ጥሩ ነበር።

ሕጉንም አንብበነዋል፤ አማኞች ሳያነቡት ሲከራከሩበት ስለምንሰማ። አዋጅ ቁጥር 414/1996 ሆኖ የወጣውና ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ፅንስ ማቋረጥን ዛሬም ወንጀል ነው ይላል። በአንቀጽ 551 ግን የሚፈቀድባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል፦ ፅንሱ በመደፈር ወይም በዘመዳሞች መካከል በተፈጸመ ግንኙነት የመጣ ሲሆን፤ የእናቲቱ ወይም የልጁ ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ላይ ሲወድቅ፤ ፅንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ሲኖረው፤ እናቲቱም በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት ወይም ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ልጅ ለማሳደግ ዝግጁ ሳትሆን ስትቀር። ሕጉ እንዲላላ ካደረጉት ምክንያቶች ዋነኛው በድብቅ በሚደረግ ውርጃ ብዙ ሴቶች መሞታቸው ነበር። ይህን መዘንጋት አይገባም። በጓዳ ተኝታ ደሟ ፈስሶ ስለሞተችው ሴት ያላለቀሰ ክርስቲያን ስለ ፅንሱ ሲናገር ቃሉ ባዶ ነው። እኛ በማኅፀን ያለው ሕፃን በእግዚአብሔር ፊት ሰው ነው ብለን እናምናለን፤ መዝሙር 139ን አንብበን ሌላ ማለት አንችልም። ሕጉን በተመለከተ የሚሟገቱ ወንድሞችና እህቶች አሉ፤ እነሱም ጥሪያቸውን ይፈጽሙ። በዚያ ምሽት አዳራሽ ውስጥ የነበረው ሰው ግን ለሌላ ነገር ነው የመጣው። ልጄን ልውለደው ብላ የወሰነች እህት፣ ከውሳኔዋ ማግስት የምትገባበት በር እንዳይጠፋት።

ስብከቱ አጭር ነበር፣ ለዚህም ሰባኪውን እናመሰግናለን፤ ገንፎ ይቀዘቅዛል። የተነበበው ዘፍጥረት 16 ነው። አጋር የቤት ሠራተኛ ናት። የጸነሰችው ከጌታዋ ነው፤ ይጸነስ የተባለውም በእመቤቷ ሐሳብ ነው፤ ስትጸንስ ግን የተጠላችው እሷ ናት። ሸሽታ ወጣች። በምድረ በዳ በውኃ ምንጭ አጠገብ የእግዚአብሔር መልአክ አገኛትና በስሟ ጠራት። ሰባኪው ልብ እንድንለው ያደረገን ይህን ነው፦ በታሪኩ ውስጥ አብራምም ሦራም ስሟን ሲጠሩ አንሰማም፤ ለእነሱ ባሪያ ናት። አጋር ብሎ የጠራት የመጀመሪያው ከሰማይ የመጣው ነው። ከዚያም ከየት እንደመጣችና ወዴት እንደምትሄድ ጠየቃት። እሷም የሚያያትን አምላክ ስም አወጣችለት።

እዚህ ላይ ትንሽ ዘወር እንበል። በዚያው ክፍል መልአኩ ወደ እመቤቷ እንድትመለስ ይነግራታል። ይህን ቁጥር ይዘው የተደፈረችን ልጅ ወደ ተደፈረችበት ቤት የሚመልሱ ሽማግሌዎች እንዳሉ ሰምተናል። አጋርን የመለሳት ግን ዘሯን ሊያበዛ ቃል የገባላት፣ በኋላም በምዕራፍ 21 ውኃዋ ሲያልቅባት የልጁን ድምፅ የሰማ አምላክ ነው። ለአንዲት እህት እንደ እሱ ቃል የሚገባላትና ቃሉን የሚጠብቅላት ሽማግሌ እስኪገኝ ድረስ፣ ማንም ማንንም በዚህ ቁጥር ባይመልስ ይሻላል።

በነገራችን ላይ የዛሬዎቹ አጋሮች ከሕግም በኩል ጎድሎባቸዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ዕረፍት ይሰጣል። የፋብሪካና የአበባ እርሻ ሠራተኛ ይህን መጠየቅ ትችላለች። የቤት ሠራተኛ ግን ከዚህ አዋጅ ወሰን ውጪ ናት። እንግዲህ ቤታችን ሠራተኛ ያለን አማኞች በራሳችን ቤት ዘጠናውን ቀን መስጠት የሚከለክለን ሕግ የለም።

አሁን ወደ ምድጃው እንመለስ። ለዚያን ያህል ሰው ገንፎ ማገንፋት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ገንፎ እንደ ወጥ ቀድሞ ተሠርቶ አይቀመጥም፤ ትኩሱን መቅረብ አለበት፣ ካልተማሰለም ይጓጉላል። ትልልቅ ድስቶቹን ያበደረን የሰፈራችን እድር ነው። እድርተኞቹ የኦርቶዶክስም የእኛም አማኞች ናቸው፤ እቃ ያዡ ለምን እንደሆነ ሲነገራቸው ለልቅሶ እንጂ ለወሊድ ድስት አውጥተን አናውቅም ብለው ሳቁ፤ ሳቃቸውን ሳይጨርሱ ድንኳኑንም ጨምረው ሰጡን። ከጎረቤቶቻችን ሦስት እናቶች ሊያማስሉልን መጡ። አንደኛዋ ወደ አዳራሹ እንደማይገቡ አስቀድመው ነገሩን፤ ከድስቱ ግን እስከ መጨረሻ አልተለዩም። የምድጃው አዛዥ የኅብረታችን ትልቅ እናት ነበሩ። ዱቄቱን ራሳቸው አስፈጭተዋል፣ ገብሱን ራሳቸው ቆልተዋል፣ ወንዶቻችንንም ማማሰያ አስይዘው ላባቸው እስኪንጠፈጠፍ አሠርተዋል። ክንዳችን ዛሬም ያመናል።

እናቶቹ አዳራሹ ውስጥ እንደማንኛውም ሰው በየጠረጴዛው ተበታትነው ተቀመጡ። መለያ አልተደረገላቸውም። ብዙ ሰው ልጁን ይዞ እንዲመጣ አስቀድሞ ስለተነገረ አዳራሹ በሕፃናት ተሞልቶ ነበር፤ የትኛው ሕፃን የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ከእጅ እጅ ሲዞር አመሸ። ፎቶ ማንሳት ተከልክሎ ነበር። ማንም እናት መድረክ ላይ ወጥታ ታሪኳን እንድታወራ አልተደረገችም። ይህን ልዩ ምስጋና እንሰጠዋለን። በአንዳንድ ዝግጅቶች ልጅቷ ወጥታ ታለቅሳለች፣ ሰው ያለቅሳል፣ ገንዘቡ ይሰበሰባል፤ ልጅቷ ግን በማግስቱ ታሪኳን ከሚያውቅ ከተማ ጋር ትቀራለች። በሰው ዕንባ የሚሰበሰብ ብር ቢበዛም በረከቱ አይታየንም።

ከእራቱ በፊት በነበረው ስብሰባ አንድ ሽማግሌ በቅንነት የጠየቁት ጥያቄ ነበር፦ እንዲህ በአደባባይ ስናከብራቸው ኃጢአትን ማበረታታት አይሆንብንም ወይ? ጥያቄው ከብዙ አማኝ ልብ ውስጥ ያለ ስለሆነ በቀላሉ አናልፈውም። በብዙ አብያተ ክርስቲያኖቻችን ያላገባች የመዘምራን አባል ብትጸንስ የሚጠብቃት ዲሲፕሊን ነው። የመዘምራን ልብሷን ትመልሳለች፣ ከጌታ እራት ትታገዳለች፣ ስሟ ይነበባል። ያስጸነሳት ወንድም ሆዱ ስለማይገፋ እዚያው መድረክ ላይ ጊታር ይመታል። ታዲያ ያቺ ልጅ ምርመራ አድርጋ ውጤቱን ባየችበት ማታ ምን ታስባለች? አምልኮዋን፣ ጓደኞቿን፣ ስሟን ሁሉ የሚያስጥላት ይህ የሚያድገው ሆድ ነው። ሆዱ ከሌለ ማንም አያውቅም። እግዚአብሔርን የማታውቅ ጎረቤቷ የሌለባት ፍርሃት እሷ ላይ አለ። ብዙ ሕፃናት ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚጠፉት የእግዚአብሔርን ቃል ባለማወቅ ሳይሆን የእግዚአብሔርን ሰዎች በመፍራት ነው ብንል አንዋሽም።

ንስሐ አያስፈልግም አላልንም። ኃጢአት ኃጢአት ነው፤ የተደፈረችው እህት ግን የምትናዘዘው ኃጢአት የላትም፣ እሷንም ከዚያው መዝገብ ማስፈር በደል ላይ በደል ነው። የምንለው እርግዝና ራሱ ኃጢአት አይደለም ነው። ኤልሳቤጥ ማርያም ወደ ቤቷ ስትገባ ምን እንዳደረገች ሉቃስ 1 ላይ አንብቡ። ወደ ተራራማው አገር ፈጥና የመጣችው ልጃገረድ ገና አልተጠቃለለችም፤ ሰው ምን እንደሚላት ማሰብ አያዳግትም። ታላቂቱ ሴት መጀመሪያ ያደረገችው መባረክ ነው። ከዚያ ሦስት ወር ያህል በቤቷ አስቀመጠቻት። የማርያም ፅንስ ከመንፈስ ቅዱስ ነው፣ ከማንም ጋር አናመሳስለውም፤ የኤልሳቤጥ ቤት ግን እያንዳንዳችን ልንመስለው የሚገባ ቤት ነው። የጠየቁት ሽማግሌ ይህን ሰምተው ሙሉ በሙሉ ተስማሙ ማለት አንችልም። ቅዳሜ ማታ ግን ቀድመው መጥተው በር ላይ ቆመው እንግዳ ሲያስገቡ ነበር፤ ሲሄዱም ካርዳቸውን ሞልተው ነው።

ጨረታው ላይ የሆነውን ሳንነግራችሁ አናልፍም። የታሰበው አንድ ሙክት በግ ለጨረታ እንዲወጣ ነበር፤ በጉም ሲያጫርቱት ጥሩ አወጣ። መድረክ መሪው ግን ገንፎውን አድንቆ ሲያበቃ ማማሰያዋን ከወጥ ቤት አስመጥቶ ለጨረታ አቀረባት። እናታችን ከጓዳ ሮጠው ወጡ፤ ማማሰያዋ የአማታቸው ናት፣ ከአርባ ዓመት በላይ ኖራለች። አዳራሹ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። በሁለት የሰበታ ነጋዴዎች መካከል ዋጋው እየወጣ ሲሄድ ዝም ብለው ቆመው ያዩ ነበር። አሸናፊው ከበጉ የሚበልጥ ዋጋ ከፍሎ ማማሰያዋን ተቀበለና ወደ እሳቸው ሄዶ በሁለት እጁ መለሰላቸው። በቀጣዩ ዓመት እንደገና እገዛታለሁ አለ። እናታችን አይሆንም አሉት።

የተሰበሰበው ገንዘብ በብር ከሚነገር ይልቅ በወር ቢነገር ይገባናል። የሦስቱን ቤቶች ኪራይ አሥራ አንድ ወር ይሸፍናል። ከዚህ ውስጥ አብዛኛው የመጣው ከትልልቅ ሰጪዎች አይደለም። በየወሩ ትንሽ ለመስጠት ካርድ የሞሉት ናቸው ክብደቱን የያዙት፤ ከአንድ የአበባ እርሻ የመጡ ስድስት ሴቶች በአንድ ካርድ ተጣምረው ፈረሙ፣ እቁብ እንደሚጥሉ። ለአገልግሎት ይህ ከአንድ ጊዜ ትልቅ ስጦታ ይሻላል፤ ሕፃን በየወሩ ነው ወተት የሚጠጣው። የአገራችን በጎ አድራጎት ለረጅም ጊዜ ከውጭ በሚመጣ ዶላር ላይ ቆሟል። ለጋሹ አገር ፖሊሲ ሲለወጥ ወይም ልቡ ወደ ሌላ ሲያዘነብል ቤቱ ይዘጋል። የቡራዩ ሰው በቴሌብር የሚልከው መቶ ብር ግን ማንም መራጭ አይሽረውም።

ደግሞም በዚህ ሥራ የመጀመሪያዎቹ እኛ እንዳልሆንን ብናውቅ ለትሕትናችን ይጠቅማል። በሰበታ የጌቴሴማኒ ገዳም መነኮሳት ወላጅ ያጡ ልጃገረዶችን ሲያሳድጉ ኖረዋል። ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለንግሥ ወደ ግሸን ማርያም ሄደው በድርቅ ከተጎዱት መካከል ሕፃናት ይዘው ሲመለሱ የተዘጋጀላቸው ገንዘብም ግብዣም አልነበረም፤ ትዳራቸውን እስከማጣት ደርሰው ነው ያሳደጓቸው። በአምቦ መንገድ፣ ታጠቅ አካባቢ ደግሞ ደስታ መንደር አለ። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ወደ አገራችን የመጡት እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፤ እምነታቸው ያመጣቸው ሰዎች ነበሩ። በፌስቱላ የተጎዱ እህቶችን ሲያክሙ ኖረው፣ ጉዳቱ እንዲቀር አዋላጅ ያስፈልጋል ብለው እ.ኤ.አ. በ2007 የአዋላጅ ነርሶች ኮሌጅ እዚያው ደስታ መንደር ተከፈተ። ዶክተር ካትሪን በመጋቢት 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ዐረፉ። ዘጸአት 1 ላይ ፈርዖንን ሳይሆን እግዚአብሔርን ስለፈሩ ስማቸው የተጻፈላቸው ሲፓራና ፉሐ አዋላጆች ናቸው፤ የፈርዖኑ ስም ግን አልተጻፈም። ሕይወትን ስለማዳን በምንናገርበት ስብሰባ አዋላጅ ካልተጠራ ስብሰባው ጎድሏል። በእራቱ ላይ ሁለት አዋላጆች ነበሩ፤ አንደኛዋ ገንፎዋን ሳትጨርስ ስልክ ተደውሎላት ሄደች።

አንዳንድ እናቶች ልጃቸውን ማሳደግ አይችሉም። ይህም ተነስቷል፣ በጥንቃቄ። የውጭ አገር ሰው ከኢትዮጵያ ልጅ ወስዶ የሚያሳድግበት መንገድ በ2010 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕጉ ሲሻሻል ተዘግቷል። ስለዚህ የሚቀረው በር የእኛ በር ነው። ሕጋችን ይህን የሚጠራበት ቃል ጉዲፈቻ ነው፣ ቃሉም የመጣው ከኦሮሞ ባህል ነው። እነዚህ ከተሞች ያሉበት ምድር ከማንም አስቀድሞ የሌላን ሰው ልጅ ከወለዱት ሳይለዩ ማሳደግ ያውቅ ነበር፤ ሕጉ ያደረገው ቃሉን መዋስ ነው። ጳውሎስም በኤፌሶን 1 ስለ እኛ የሚለው ከዚህ የራቀ አይደለም። በዚያ ምሽት በጉዲፈቻ ጉዳይ ስማቸውን ያስመዘገቡ ባልና ሚስቶች ነበሩ። ስንት እንደሆኑ አንናገርም። የሚጣደፍ ነገር አይደለም፤ እናቲቱም ለማሳደግ የምትፈልግ ከሆነ መጀመሪያ የምትታገዘው እሷ ናት።

የቃል መግቢያው ወረቀት ላይ ከገንዘቡ በታች አንድ ያልተለመደ መስመር ነበር። ዋስ እሆናለሁ ይላል። ሥራ የፈለገ ሁሉ እንደሚያውቀው ለአገራችን ቀጣሪ ችሎታ ብቻ አይበቃውም፤ የሚፈርም ዋስ ይፈልጋል። ዘመድ የሌላት፣ ልጅ የታቀፈች፣ ከመጣችበት ቤት በመልካም ያልወጣች እህት ማን ይፈርምላታል? ለስድስት ወር ያህል ተጠልላ፣ ልብስ ስፌት ወይም ጸጉር ሥራ ተምራ፣ ቀጣሪ አግኝታ፣ በዋስ እጦት የተመለሰች አለች። ብር መስጠት ከዚህ ይቀልላል። ብር ሰጥተህ ቤትህ ትገባለህ፤ ዋስ ግን ከስሟ ጋር ስምህን ታስራለህ። ዕብራውያን 7፥22 ጌታችንን የሚጠራው በዚህ ቃል ነው። አሥራ አራት ሰዎች ፈረሙ፤ ዘጠኙ ሴቶች ናቸው።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ነው። የሱሉልታው ቤት ብርድ ያስቸግረዋል፤ ሱሉልታን የሚያውቅ በክረምት እዚያ ሕፃን ማጠብ ምን እንደሆነ ያውቃል። ጣራው ስር ኮርኒስ ስለሌለ በመጪዎቹ ሁለት ቅዳሜዎች አናጢ ወንድሞች ይፈለጋሉ፤ እንጨቱ ተገዝቷል። የቡራዩው ቤት አከራይ ውሉን አድሰውልናል፤ ልጆች ሲበዙ ግቢው ይጠባል ብለው ግን ነግረውናል፣ እውነታቸውን ነው። ሌላ ሰፋ ያለ ግቢ የምታውቁ ንገሩን። ሞግዚት የምትሆን፣ ሌሊት ማደር የምትችል አንዲት እህትም እንፈልጋለን፤ ደመወዝ አለው።

በሰበታው ቤት ሁለት እህቶች በሚቀጥለው ወር ይወልዳሉ። የገብሱ ዱቄት ተፈጭቶ ተቀምጧል። ቅቤው ገና ነው።